የሐና ልጅ ስም፦ ሳሙኤል ወይስ ሳኦል?

ብዙዎቻችን «ሳሙኤል ማለት እግዚአብሔር ሰማ ማለት ነው» እየተባልን ነው ያደግነው። ሐና መካን ነበረች፣ ሴሎ ወርዳ አለቀሰች፣ ተሰማላት፣ ልጁን ሳሙኤል አለችው። ደስ ይላል። ችግሩ እብራይስጡ እንደዛ አለማለቱ ነው።

1ኛ ሳሙኤል 1፥20ን ክፈቱ። ሐና ስሙን ያወጣችበትን ምክንያት ራሷ ትናገራለች። ምክንያቷም «ሰማኝ» ሳይሆን «ለመንኩት» ነው። «ለመነ፣ ጠየቀ» በእብራይስጥ «ሻአል» ይባላል። ቃሉ ለኛ እንግዳ አይደለም፤ በግዕዝ «ሰአለ» ነው። እነሱ «ሻሎም» ሲሉ እኛ «ሰላም»፣ እነሱ «ሼም» ሲሉ እኛ «ስም» እንደምንለው ማለት ነው። «ስእለት» የወጣው ከዚሁ ነው። እናቶቻችን «ስለት ተሳልኩ» ሲሉ ሳያውቁት የሐናን ግሥ እየተናገሩ ነው።

ታዲያ ከ«ሻአል» «ሽሙኤል» እንዴት ይወጣል? አይወጣም! «ሽሙኤል» ውስጥ የሚታየው «ሼም» (ስም) እና «ኤል» (አምላክ) ነው። «ስሙ ኤል ነው» ወይም «የአምላክ ስም» ብለው ይፈቱታል። «እግዚአብሔር ይሰማል» የሚለው ፍቺ ባለቤት እስማኤል ነው፣ ዘፍጥረት 16፥11። የእብራይስጡ «ሰማ» መጨረሻ ላይ እንደ ግዕዙ «ሰምዐ» ዐይኑ «ዐ» አለች፤ ሽሙኤል ውስጥ ይህች ፊደል የለችም። (ልጃችሁን ሳሙኤል ያላችሁ አትደንግጡ፣ ስሙ አሁንም ያምራል።)

«የተለመነ» በእብራይስጥ «ሻኡል» ነው። አዎ፣ ንጉሥ ሳኦል! ቁጥር 28 ላይ ሐና ልጇን ለእግዚአብሔር ስትሰጥ የምትለው ቃል ፊደል በፊደል የንጉሡ ስም ነው። ሥሩ በዚህ አንድ ምዕራፍ ብቻ 7 ጊዜ ይመላለሳል። በአጋጣሚ 7 ጊዜ አይሆንም።

አንዳንድ ሊቃውንት «ታሪኩ መጀመሪያ የሳኦል ልደት ነበር፣ ኋላ ለሳሙኤል ተሰጠ» ይላሉ። እኔን አላሳመነኝም። የሴሎው ቤት፣ ካህኑ ዔሊ፣ ራሱን ምላጭ የማይነካው ልጅ፣ ይሄ ሁሉ የሳሙኤል ነው። ሳኦል የብንያማዊው የቂስ ልጅ ነው፣ ያደገውም አባቱ ቤት ነው። ለኔ ጸሐፊው ሆን ብሎ ነው ቃሉን እዚህ የዘራው። ምክንያቱም ምዕራፍ 8 ላይ ሕዝቡ ንጉሥ ሲፈልግ ግሡ ያው «ሻአል» ነው። ሐና ለምና ሳሙኤልን አገኘች፤ እስራኤል ለምኖ «የተለመነውን» አገኘ።

በነገራችን ላይ፣ አናባቢ በሌለው በጥንቱ አጻጻፍ «ሻኡል» እና «ሲኦል» አንድ ዓይነት ሆነው ሊጻፉ ይችላሉ። የቃላቱ ምንጭ አንድ ነው ማለቴ አይደለም። ግን ምዕራፍ 28ን ለሚያነብ ሰው ይከነክናል። ሳኦል ፍልስጥኤማውያንን ፈርቶ እግዚአብሔርን ጠየቀ፣ መልስ አጣ። በሌሊት ወደ ዓይንዶር ሴት ሄዶ ሙቱን ሳሙኤልን አስጠራ። ሳሙኤልም ለምን እንደሚጠይቀው መልሶ ጠየቀው። ግሡ አሁንም ያው የሐና «ሻአል» ነው።