መድኃኒት የሌለው መርፌ

«ቲቸር ትከሻዎ እንዴት ሆነ?» እያላችሁ በውስጥ መስመር የጻፋችሁልኝ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ አመሰግናለሁ። «ተሽሎኛል» ብዬ ልዘጋው ነበር። ግን የታሪክ አስተማሪ ነኝና ወሬ ከሥሩ ካልጀመረ አይጥመኝም። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

አምና ቀኝ ክንዴ ከትከሻ በላይ አልነሳ አለኝ። ሰሌዳው ላይ ከግማሽ በታች ብቻ ስጽፍ ከኋላ የተቀመጡት ልጆች አይታያቸውም። መጀመሪያ እዚሁ ፉሪ ያሉ ወጌሻ ጋ ሄድኩ። በቅቤ አሹኝ፣ ለሳምንት ቀለለኝ፣ ከዚያ ተመለሰብኝ። እናቴ «ዋገምት ካልተደረገልህ አይለቅህም» አለች። አንድ ክሊኒክ ደግሞ ትከሻዬን ሳይነኩት መርፌ አዘዙልኝ። በመጨረሻ አንድ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ እጄን ወዲያ ወዲህ አንቀሳቅሶ፣ ጀርባዬን በጣቱ ዳብሶ ቀጭን መርፌ አወጣ።

«መድኃኒቱስ?» አልኩት።

«የለውም» አለኝ።

ደነገጥኩ። እኛ አገር መርፌ ማለት መድኃኒት ነው። ክኒን ሲታዘዝለት «መርፌ የለም እንዴ?» ብሎ የሚያኮርፍ ስንቱ ነው! ባዶ መርፌ ማታለል መሰለኝ።

ሰፈር ሲሰማ «የቻይና መርፌ ነው» አለ። የፉሪ ለቡን ባቡር የሠሩት ቻይናዎች ናቸውና አይፈረድበትም። መርፌው በእርግጥ ይመሳሰላል፤ ሐሳቡ ግን ይለያያል። አኩፓንክቸር በሰውነት ውስጥ «ቺ» የሚባል ኃይል ይፈስባቸዋል በሚባሉ መስመሮች ላይ የቆመ ጥንታዊ የቻይና ሕክምና ነው። ይህኛው፣ ድራይ ኒድሊንግ ወይም ደረቅ መርፌ የሚሉት፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሐኪሞች የጡንቻ ሕመምን ሲያጠኑ የመጣ ነው።

በ1938 ለንደን ውስጥ ጆናስ ኬልግሬን የተባለ ሐኪም ጡንቻ ውስጥ የጨው ውሃ እየወጋ ሕመሙ የት እንደሚሰማ መዘገበ። ብዙ ጊዜ የሚያመው የተወጋው ቦታ ሳይሆን ራቅ ያለ ቦታ ሆኖ ተገኘ። ባለሙያው ጀርባዬን ሲጫነኝ ክንዴን ያመመኝ ለካ በዚህ ነው!

ቀጥላ አሜሪካዊቷ ዶክተር ጃኔት ትራቬል መጣች። በጡንቻ ውስጥ ያሉትን የሕመም ቋጠሮዎች ፈልጋ ፕሮኬይን የሚባል ማደንዘዣ ትወጋ ነበር። ጆን ኤፍ ኬኔዲ ጀርባውን ሲሰቃይ ያከመችው እሷ ናት። በ1961 የፕሬዚዳንቱ የግል ሐኪም ሆና ዋይት ሀውስ ገባች፤ ለዚያ ሥራ የመጀመሪያዋ ሴት ነበረች።

ታዲያ የሚያሽለው ማደንዘዣው ነው ወይስ መርፌው? በ1979 የቼኮዝሎቫኪያው ሐኪም ካሬል ሌዊት 241 ታማሚዎችን ይዞ አንድ ጽሑፍ አወጣ። መርፌው በጣም የሚያመውን ነጥብ በትክክል ሲነካ፣ ያለ ምንም መድኃኒት፣ ከ100 ወደ 87 በሚሆኑት ላይ ሕመሙ ወዲያው ቀለለ። እንግዲህ ልብ በሉ፦ ውጤቱ የተንጠለጠለው ቦታውን አጥርቶ በማግኘት ላይ ነው።

እኔን የነካኝ ይህ ነው። ወጌሻው ቦታውን በጣታቸው ፈልገውት ነበር፤ ባለሙያውም ፈለገው። ያልፈለገው ሳይነካኝ መርፌ ያዘዘልኝ ብቻ ነው። ለካስ ስንናፍቅ የኖርነው የመርፌውን መድኃኒት ነው እንጂ ፈላጊውን እጅ አልነበረም።

ግን እንዳታጋንኑት። የሌዊት ጥናት ማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረውም፤ በኋላ የመጡ ጥናቶችም ጥቅሙ በአብዛኛው ለአጭር ጊዜ መሆኑን ነው የሚያሳዩት። አደጋም አለው፦ ደረት አካባቢ በስህተት ጠልቆ ከገባ ሳንባ ሊበሳ ይችላል። ስለዚህ የሰለጠነ ባለሙያ፣ አንዴ ብቻ የሚሠራበት ንጹሕ መርፌ፣ ከዚያም ስፖርቱ። የእኔን ክንድ ያነሳው ሦስቱ መርፌ ብቻ አይደለም፤ በየቀኑ ግድግዳ ተደግፌ የሠራሁት እንቅስቃሴም ነው።

ባለሙያም አገራችን ውስጥ አለ። በ1965 የተቋቋመው አለርት የሥጋ ደዌ ታማሚዎችን ከማከም ጋር መልሶ ማቋቋምን አብሮ ይዞ የተነሳ ነው፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲም ፊዚዮቴራፒስቶችን ያሠለጥናል። ሕመም ቤት ይዞን ከመቅረቱ በፊት እንሂድ።

ሰኞ ዕለት ቀኑን ሰሌዳው ጫፍ ላይ ጻፍኩት። ከኋላ ወንበር አንዱ «ቲቸር፣ ዛሬ ታየን!» አለ።

እናንተስ ቤት ወጌሻና ዋገምት ምን ታሪክ አላቸው? ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፣ አነባለሁ።