ውኃው ወዴት ይሄዳል?

ወጣቶች ሆይ፣ እጃችሁን የታጠባችሁበት ውኃ ወዴት እንደሚሄድ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ይህን ጥያቄ ሳይወዱ በግድ የጠየቁ ሰዎችን ታሪክ ላጫውታችሁ።

ጊዜው በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል፣ ቦታው ለንደንን ከሰሜንና ከምዕራብ ያዋስን የነበረው የሚድልሴክስ አውራጃ ነው። የባቡር መስመር ሲዘረጋ እርሻው በቤት ተሞላ። እ.ኤ.አ. በ1921 የአውራጃው ሕዝብ 1.25 ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ በ1931 ከ1.6 ሚሊዮን አለፈ። ፍሳሹን የሚቀበሉት ግን የየአካባቢው ምክር ቤቶች ያሠሯቸው አነስተኛ ማጣሪያዎች ነበሩ። ሕዝቡ ሲበዛ አቅም አነሳቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ፤ ወንዝ የወሰን ድንጋይ አያውቅም። የላይኛው መንደር የጣለውን የታችኛው ይቀበለዋል። ስለዚህ አንዱ ምክር ቤት የራሱን ማጣሪያ ቢያሻሽልም ከላይ የሚወርድበትን ሊያቆም አይችልም። ችግሩ የጋራ ነበርና መፍትሔውም የጋራ መሆን ነበረበት።

የአውራጃው ምክር ቤት በ1931 ግንባታ ጀመረ፤ በ1936 አይልወርዝ አጠገብ የሞግደን ማጣሪያ ተከፈተ። 28 ትናንሽ ማጣሪያዎችን ተካ። በዚያ ፍሳሹ መጀመሪያ እንዲዘቅጥ ይደረጋል፤ ከዚያ አየር ይነፋበታል፤ አየር ያገኙት ረቂቅ ተሕዋስያን ቆሻሻውን ይበሉታል። ይህን ዘዴ በ1914 ይፋ ያደረጉት አርደርንና ሎኬት የተባሉ ሁለት የማንችስተር ባለሙያዎች ናቸው። ዝቃጩ ሲብላላ የሚወጣው ጋዝ ሞተር ያንቀሳቅሳል። የተጣራው ውኃ ወደ ቴምዝ ወንዝ ሲገባ፣ ዝቃጩ 11 ኪሎ ሜትር ያህል በቧንቧ ተጉዞ ፔሪ ኦክስ ወደሚባል ሜዳ ይደርስ ነበር። ዛሬ በዚያ ሜዳ ላይ የሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ አምስተኛ ተርሚናል ቆሟል፤ ስንቱ መንገደኛ ይህን ሳያውቅ ያልፍበታል!

ታሪኩ ግን በዚህ አያበቃም። የብዙዎች ወንዝ ሲጸዳ ሽታው በሞግደን ጎረቤቶች ላይ ቀረ፤ አቤቱታቸውም በእኛ ዘመን እስከ ፍርድ ቤት ደርሷል። የብዙዎችን ንጽሕና ጥቂቶች ሲሸከሙት ዕዳው አልተከፈለም ማለት ነው።

እንግዲህ በየቡድናችሁ ተወያዩበት፦ የሰፈራችሁ ፍሳሽና ቆሻሻ ወዴት ይሄዳል? በዚያስ የሚኖረው ማን ነው? መልሱን ካላወቃችሁ ሄዳችሁ እዩ።