ድጓ ካስመሰከሩ በኋላ ወዴት? ዶክትሬትና እንጀራ ከጋይንት ሲታዩ

የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ ዘመድ ጥየቃ በሄደ ቁጥር የሚጠብቀው ጥያቄ አለ፦ «መቼ ነው የምትጨርሰው?» ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ ይብሳል፦ «ስትጨርስስ ምን ትሆናለህ?» እኔ የምህንድስና ተማሪ ነኝ፤ ለመጀመሪያው ጥያቄ ቀን ቆጥሬ መልስ አላጣም። ለሁለተኛው ግን የሚሆን ቀመር የለኝም። ስለዚህ ዛሬ መልሱን ከታሪክ እንፈልግ፤ ያውም ከደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል፣ ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ።

ለምን እዚያ ትሉኝ ይሆናል። አካባቢው የአገራችን ነባር ከፍተኛ ትምህርት ማስመስከሪያ ስለሆነ ነው። በቤተ ክርስቲያን የትምህርት ሥርዓት እያንዳንዱ ሙያ የሚመሰከርበት ቦታ አለው። አቋቋም የሚፈልግ ጎንደር በአታ ይሄዳል፤ ቅዳሴ የሚፈልግ ሰለልኩላ ወይም ደብረ ዓባይ ይወርዳል። ድጓ ግን ጋይንት ቤተ ልሔም ነው፤ ዝማሬና መዋሥዕትም እዚያው ጋይንት፣ ዙር አምባ። እስቴ ደግሞ ቆማ አለች፤ የዜማ ስልቷ ከቤተ ልሔምና ከአጫብር እኩል ስሙ የሚጠራ።

ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ቁራሽ እየለመነ ለዓመታት ይማራል። ነባሩ አዲሱን ያስቀጽላል፤ ማለትም ማስተማር የሚጀመረው ገና ሳይመረቁ ነው። በቀደመው ጊዜ ተማሪው ድጓውን በገዛ እጁ ብራና ላይ ይገለብጥ ነበር። መጨረሻ ላይ መምህሩ «ይህ ሰው ወንበር ዘርግቶ ማስተማር ይችላል» ብሎ ይመሰክርለታል።

አሁን ወደ ፈረንጁ አገር እንሻገር። «ዶክተር» የሚለው ቃል ከላቲን «ማስተማር» ከሚለው ግስ የመጣ ነው። በመካከለኛው ዘመን በቦሎኛና በፓሪስ ዲግሪው የማስተማር ፈቃድ ነበር፤ ከቤተ ልሔም ምስክር ብዙም አይርቅም። «አዲስ ዕውቀት ያመጣ» የሚለው ትርጉም የጎላው እ.ኤ.አ. በ1810 የበርሊን ዩኒቨርሲቲ ከተመሠረተ ወዲህ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመን ነው። አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያዎቹን የፒኤችዲ ዲግሪዎች የሰጠው ዬል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1861። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የፒኤችዲ ትምህርት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ስለዚህ ዶክትሬት ከሰማይ የወረደ አንድ ቋሚ ዓላማ የለውም። ዘመን በተለወጠ ቁጥር ሥራውም ተለውጧል።

እንግዲህ ድጓ ያስመሰከረው ሁሉ የኔታ ይሆን ነበር? አይሆንም። አንድ መምህር በዕድሜው ብዙ ተማሪ ያወጣል፤ ሁሉም ወንበር ቢዘረጉ ተማሪ ከየት ይመጣል? አብዛኞቹ በየደብሩ መሪጌታ ሆነው ያገለግሉ ነበር፤ መጽሐፍ የሚገለብጥ፣ የመኳንንት ጸሐፊ የሚሆንም ነበረ። ይህን ሁሉ ሰው የተሸከመው ደግሞ መሬት ነው። ደብሩ መሬት ነበረው፤ አገልጋዩም ከዚያ ይበላ ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ያንን መሠረት ናደው። ልብ በሉ፦ ድጓው ያው ነው፣ ምስክሩም ያው ነው፣ የሊቁም ዕውቀት አልቀነሰም። የጠፋው ከምስክሩ በኋላ ይጠብቀው የነበረው እንጀራ ነው። ሊቅ ሥራ ሲያጣ «ምን ጎደለው?» ብለን ሰውየውን ብቻ እንመረምራለን፤ ከእግሩ ሥር የተነሣውን መሬት ግን አናይም።

የእኛ ትውልድ የደብር መሬት ዩኒቨርሲቲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መካከል የአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ ናቸው። እነዚህ ሁሉ መምህር ይፈልጉ ስለነበር ዶክትሬት ማለት የመምህርነት ማዕረግ መስሎን ቀረ። ግን ዩኒቨርሲቲ እንዲህ እየተባዛ ለዘላለም አይኖርም። ወንበሩ ሲሞላ ምን እናደርጋለን?

እኔ እንደሚመስለኝ ፍንጩ እዚያው የቆሎ ተማሪ ቤት አለ። ዜማ ቤት የተቀበሉትን ሳያዛንፉ ማስተላለፍ ነው። ቅኔ ቤት ግን ተቃራኒው ነው፤ ትናንት የተዘረፈ ቅኔ ዛሬ አይደገምም፣ አዲስ ካልሆነ ቅኔ አይባልም። የሁለቱንም ቤት ደጅ የጠና ሊቅ ጥንቃቄንም ፈጠራንም ይዞ ይወጣል። ይህ ጥምረት ከወንበር ውጭም ይሠራል። ዶክትሬትም ቢሆን የአንድ ርዕስ ባለቤትነት ብቻ አይደለም፤ መልሱ ያልታወቀ ጥያቄ ይዞ፣ ሳይዋሹ፣ ለዓመታት መቆየትን መልመድ ነው።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ደግሞ ሞልቷል። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ተራራ ተነሥታችሁ በጋይንት በኩል ወደ በሽሎ ሸለቆ፣ በስማዳ በኩል ወደ ዓባይ በረሃ ብትወርዱ አፈሩ የተገፈፈ ገደላገደል ታያላችሁ። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ በድርቅና በሴፍቲኔት ስማቸው ሲነሣ የኖረ ወረዳዎች ናቸው። አፈሩን ምን ያቆመዋል? ውሃው የት ይታቆር? ይህ እኮ የማስተዋወቂያ መፈክር ሳይሆን የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ነው! ግን ተመራማሪው መጽሔት ላይ አሳትሞ ዕድገት ከማግኘት ሌላ፣ ወረዳው ወይም ድርጅቱ የሚቀጥርበት መንገድ ያስፈልገዋል። ዴንማርኮች ከ1970ዎቹ ጀምሮ ተማሪው የድርጅት ተቀጣሪ ሆኖ የሚመራመርበት አሠራር አላቸው። እኛስ ለምን አንሞክረውም?

አደራ፣ ዶክትሬትን ወደ ሥራ ማሠልጠኛ እናውርደው ማለቴ አይደለም። ቤተ ልሔም ገበያ ተለወጠ ብላ ድጓውን አላሳጠረችም። የምለው፣ ምስክሩን ሳናቀል፣ ምስክር የያዘው ሰው የሚሄድበትን በር እናብዛ ነው።

እናንተም ልትጀምሩ ያሰባችሁ ካላችሁ «የት እማራለሁ?» ከማለታችሁ በፊት «ይህን ጥያቄ ብፈታው ከዩኒቨርሲቲ ውጭ ማን ይፈልገዋል?» በሉ። እኔ ይህን የጠየቅሁት ዘግይቼ ነው። አሁን ዘመድ ቤት ስሄድ «ምን ትሆናለህ?» ለሚለኝ መልሱ ሙሉ ባይሆንም መጀመሪያው አለኝ።