የክረምት ፊዚክስ ትምህርት በከፋ ዞን

የክረምት ፊዚክስ ትምህርት ሥራቸውን ሳይለቁ በፊዚክስ የመጀመሪያ ዲግሪ ለመያዝ የሚፈልጉ፣ በተለይም መምህራን፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ በዩኒቨርሲቲ የሚከታተሉት መርሐ ግብር ነው።

የዞኑ ዋና ከተማ ቦንጋ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ አላት። ከእንዲህ ያለ ኮሌጅ በ10+3 ዲፕሎማ የተመረቀ መምህር ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ሲያስተምር ቆይቷል፤ ለሁለተኛ ደረጃ ግን ዲግሪ ይጠየቃል። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ7ኛና በ8ኛ ክፍል ፊዚክስን አጠቃላይ ሳይንስ ውስጥ ስላካተተው፣ ፊዚክስን ለብቻው ማስተማር የሚፈልግ መምህር ዲግሪውን መያዝ ግድ ሆኖበታል። ቦንጋ ዩኒቨርሲቲ በ2010 ዓ.ም. ማስተማር ከመጀመሩ በፊት ቅርብ ከነበሩት አንዱ 100 ኪ.ሜ. ያህል የሚርቀው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ነበር።

ዋናው ችግር ርቀቱ ሳይሆን የትምህርቱ ጠባይ ነው። የፊዚክስ ኮርሶች አንዱ በሌላው ላይ ይገነባሉ፦ ኤሌክትሮማግኔቲዝም ያለ ካልኩለስ አይገፋም። በአንድ ክረምት የተማረው ካልኩለስ እስከ ቀጣዩ ክረምት አሥር ወር ያህል ሥራ ላይ አይውልም፤ የ8ኛ ክፍል ትምህርት አይጠይቀውማ። በመደበኛው መርሐ ግብር በወራት የሚዘረጋው የቤተ ሙከራ ሥራም በጥቂት ሳምንታት ይታጨቃል። የቡና ለቀማ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ስለሆነ፣ ቤተሰቡ ከቡና ገቢ ለሚጠብቅ ተማሪ ወጪው ገንዘብ በሚያጥርበት ጊዜ ይመጣል።

እየሠሩ ለመማር ምሳሌ ሆኖ የሚጠቀሰው አልበርት አይንስታይን ነው። በበርን የፈጠራ መብት መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1905 ከዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬት አግኝቷል። ንጽጽሩ ግን ብዙም አይገጥምም፤ የመጀመሪያ ትምህርቱን እ.ኤ.አ. በ1900 ያጠናቀቀው በመደበኛ ተማሪነት ነው።