ሞዴል 19 እና ቢን ካርድ

የኢትዮጵያ የመድኃኒት አቅርቦት ታሪክ ሲተረክ ብዙውን ጊዜ የሚቆጠረው የተከፈተውና የተገነባው ነው። ከአድዋ ድል በኋላ የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች ከነመድኃኒታቸው አዲስ አበባ ገቡ፤ እ.ኤ.አ. በ1910 ጆርጂያዊው ሐኪም ዶክተር ሜራብ በአገሩ ስም የሰየመውን ፋርማሲ ከፈተ፤ በ1961 የፋርማሲ ትምህርት ቤት፣ በ1964 ኢፋርም የተባለው ፋብሪካ ተቋቋሙ። ከዚያ የጅምላ አከፋፋዩ ፋርሚድ፣ ከፋርሚድ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 553/1999 (ዓ.ም.) የመድኃኒት ፈንድና አቅርቦት ኤጀንሲ፣ ዛሬ ደግሞ የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት። ዝርዝሩ ትክክል ነው። ግን አንድ ጥያቄ ሳይመልስ ያልፋል፦ ይህ ሁሉ ተከፍቶና ተገንብቶ፣ የጤና ጣቢያ ማዘዣ የያዘ ሰው ለምን ለአሥርት ዓመታት በፋርማሲው መስኮት «የለም፣ ከውጭ ግዙ» ተብሎ ተመለሰ? ብዙዎች ድህነትን ይጠቅሳሉ፤ ድህነት ድርሻ አለው። እኔ ግን ከመልሱ ትልቁ ክፍል ያለው መጋዘኖቻችን ሲሞሉት በኖሩት ወረቀት ላይ ነው እላለሁ።

በመንግሥት መጋዘን ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19 ይቆረጣል፤ ሲጠየቅ ሞዴል 20 ይሞላል፤ ሲወጣ ሞዴል 22 ይፈረማል። እነዚህ ቅጾች የገንዘብና የንብረት አስተዳደር ልጆች ናቸው፤ የተሠሩትም የመንግሥት ሀብት እንዳይባክን ነው። ስለዚህ ወንበርንም አሞክሳሲሊንንም የሚያዩት በአንድ ዓይን ነው። ወንበር ቀን አያልፍበትም፣ ወንበር ስላላገኘም የሚሞት ሕፃን የለም፤ ይህን ልዩነት ቅጹ አያውቀውም። ኦዲተር ሲመጣ የሚያመሳክረው የገባው፣ የወጣውና በእጅ ያለው መመጣጠኑን ብቻ ነው። ጥቂት ብልቃጥ የጎደለበት ንብረት ክፍል ዕዳ ይገባል፤ መደርደሪያው ወራት ሙሉ ባዶ የዋለበት ግን ሒሳቡ ንጹሕ ነው፣ ዜሮ ሁልጊዜ ከዜሮ ይመጣጠናልና። ቀኑ ያለፈበትን መድኃኒት ለማስወገድ ኮሚቴና ደብዳቤ ስለሚያስፈልግም፣ ጠንቃቃ ሠራተኛ ከደህናው አጠገብ አስቀምጦት ይኖራል፤ ቢያንስ ሲቆጠር አይጎድልበትም። ለጎደለው የሚጠየቅ ነበረ፤ ለሌለው የሚጠየቅ አልነበረም።

ደርግ ንግዱን ከወረሰ በኋላም ይህ አልተለወጠም። ኢፋርም የመንግሥት ሆነ፣ የጅምላ ማከፋፈሉ በፋርሚድ እጅ ተጠቃለለ፣ በከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት ሥር የነበሩት ከነማ ፋርማሲዎች ደግሞ የከተማውን ሰው አገለገሉ። ጤና ተቋማቱ ግን መድኃኒት የሚያገኙት በተመደበላቸው በጀት ልክ ነበር፤ ከሽያጭ ያገኙት ገንዘብም ተመልሶ መድኃኒት መግዣ አይሆናቸውም ነበር፣ ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት ይገባ ነበር። ኋላ የመጡት ልዩ ፋርማሲዎች የሽያጩ ገቢ ተመልሶ መድኃኒት በሚገዛበት ተዘዋዋሪ ገንዘብ መሥራታቸው ትልቅ እፎይታ ነበር። በጀት የሚነግረን ስንት ብር እንዳለ እንጂ ሰው በምን እንደታመመ አይደለም።

ለባዶው መደርደሪያ በጎረቤቶቻችን የተሞከረው መንገድ ኪት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ኬንያ፣ ከዚያም በ1983 ታንዛኒያ በዴንማርክ ድጋፍ፣ ለገጠር ጤና ተቋማት ታሽጎ የሚላክ ካርቶን አዘጋጁ። ካርቶኑ እንደታሸገ ስለሚደርስ በመንገድ የሚሰረቀው ይቀንሳል፤ መጻፍ የማይሆንለት ሠራተኛም መጠየቅ ሳያስፈልገው ይደርሰዋል። መንገድና ስልክ በሌለበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም፣ ኪትን እንዲሁ ማጣጣልም ተገቢ አይመስለኝም። ችግሩ መጠኑን የሚወስነው ሩቅ ያለ ሰው በአማካይ አስልቶ መሆኑ ነው። ወባ የሚበዛበት ቆላና ሳንባ ምች የሚበዛበት ደጋ አንድ ዓይነት ካርቶን ይደርሳቸዋል፤ አንዱ ዘንድ የተከመረው ቀኑ ሲያልፍበት፣ ሌላው ዘንድ ያው መድኃኒት ወሩ ሳይጋመስ ያልቃል። ታንዛኒያም ቆይታ ተቋማቱ ራሳቸው ወደሚያዙበት አሠራር ዞራለች።

እ.ኤ.አ. በ2009 ኢትዮጵያ የጀመረችው የተቀናጀ የመድኃኒት ሎጂስቲክስ ሥርዓት ጥያቄው ከታች እንዲነሳ አደረገ። ከእያንዳንዱ መድኃኒት አጠገብ ቢን ካርድ ይቀመጣል፤ የገባው፣ የወጣው፣ የተበላሸው፣ ቀሪው፣ የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑ ይጻፍበታል። ጤና ጣቢያውና ሆስፒታሉ በየሁለት ወሩ ሪፖርትና መጠየቂያ ይልካሉ። ስሌቱ ከአራቱ መደብ ሒሳብ አያልፍም፦ ጤና ጣቢያ የሚይዘው ከፍተኛ ክምችት የአራት ወር ስለሆነ፣ የሁለት ወሩ ፍጆታ በሁለት ይባዛል፣ በእጅ ያለው ይቀነሳል፣ የቀረው ይጠየቃል። ክምችቱ ከሁለት ሳምንት በታች ከወረደ አስቸኳይ ጥያቄ ይቀርባል። ከመጠየቂያ ቅጹ ዓምዶች ይበልጥ የሚገርመኝ መድኃኒቱ ጠፍቶ የቆየባቸው ቀናት የሚመዘገቡበት ነው። ከ60 ቀን ውስጥ 40ውን አሞክሳሲሊን ያልነበረው ጤና ጣቢያ በ20ው ቀን 200 እንክብል ቢሰጥ፣ በቀላሉ ሲታይ ፍጆታው 200 ነው፤ የሕዝቡ ፍላጎት ግን 600 ነበር። 200 ብሎ የጠየቀ ድርቁን ለሚቀጥለው ጊዜም ያወርሳል። ሞዴል 22 የወጣውን ይመዘግባል፤ ሳይወጣ የቀረውን፣ ማለትም ባዶ እጁን የተመለሰውን ሰው፣ የሚመዘግበው ይህ ዓምድ ነው።

ቁጥር መድኃኒት አይገዛም፣ ወሳኙ ገንዘብና የውጭ ምንዛሪ ነው የሚል ተቃውሞ ይነሳል፤ ክብደትም አለው። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2005 በነፃ መሰጠት የጀመረው የውጭ ገንዘብ ስለመጣ ነው። ነገር ግን ያ መድኃኒት በመደርደሪያው ላይ የቆየው በገንዘቡ ብቻ አልነበረም፤ እያንዳንዱ ታካሚ በመዝገብ ላይ ስለነበረ፣ ለሚቀጥለው ወር ስንት ሰው ስንት ክኒን እንደሚያስፈልገው ይታወቅ ነበር። ገንዘብ ኖሮ ቁጥር ከሌለ ቀኑ የሚያልፍበት ክምር ይገዛል። ቁጥር ኖሮ ገንዘብ ከሌለ ደግሞ ቢያንስ ምን ሊቀደም እንደሚገባ ይታወቃል። ሁለተኛው ተቃውሞ ነጋዴው ያለ ቅጽ በየዕለቱ ፍላጎትን ያውቃል ይላል። ያውቃል፤ የሚያውቀው ግን የከፋዩን ፍላጎት ነው። ከዶክተር ሜራብ ጀምሮ የግል ፋርማሲ የበዛው ደመወዝተኛውና ነጋዴው ባለበት ከተማ እንጂ ጤና ኬላው ባለበት ቀበሌ አይደለም። በደብረ ማርቆስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2011 የተጀመረው፣ የመድኃኒት ግብይትን ለኦዲት የሚያመች ያደረገው አሠራር የነጋዴውን ጥንቃቄ ወደ መንግሥት ፋርማሲ አምጥቷል፤ እያንዳንዱ ሽያጭ በደረሰኝና በዋጋ ይመዘገባል። ይህ የድሮውን የኦዲት መንፈስ ለአዲስ ዓላማ ማዋል ነው፣ እኔም የማልጠላው።

ከሁሉ የሚከብደኝ ሦስተኛው ተቃውሞ ነው፦ ከታች የሚመጣው ቁጥር ሐሰት ቢሆንስ? ብዙ ጊዜ የተዛባ ነው፤ ምክንያቱ ግን የሠራተኛው ስንፍና ብቻ አይደለም። 600 ጠይቆ ያለ ማብራሪያ 150 የደረሰው ጤና ጣቢያ በሚቀጥለው ጊዜ 1,200 ይጠይቃል። የአቅራቢ አገልግሎቱ ቅርንጫፍ መጋዘን ደግሞ ሁሉም እንደሚያጋንን ስለሚያውቅ የሁሉንም ይቆርጣል፤ በእውነት የጠየቀው ከሁሉ በላይ ይጎዳል። የዜና መለዋወጫ በሆነው የአፋሮች ባህል ስም ዳጉ የተባለው ሶፍትዌር ስሌቱን አፍጥኗል፤ ለምን እንደተቀነሰ የሚገልጽ መልስ ግን ቅርንጫፉ በራሱ ካልላከ በየትኛውም ኮምፒውተር አይመጣም። ቅጹ ወደ ላይ የሚወጣበት ቀን ተወስኖለታል። ወደ ታች የሚመለሰው ምክንያት ግን ቀን አልተወሰነለትም፤ በሚቀጥለው የሥርዓቱ ክለሳ ላይ ከስልጠናም ከመደርደሪያም በፊት የምጨምረው ይህን አንድ ቀን ነው።