ፍሬን ሲይዝ የሚፈጥን መንኮራኩር፦ የጨረቃ ምሕዋርን በኤሌክትሪክ ሞተር ዝቅ ስለማድረግ

በምዕራብ ሐረርጌ ከጭሮ ወደ ሚኤሶ ቁልቁል የሚወርድ ሲኖትራክ ፍሬን ሲይዝ ይዘገያል፤ ጨረቃን የሚዞር መንኮራኩር ግን ፍሬን ሲይዝ ይፈጥናል። በክብ ምሕዋር የሚዞር አካል ወደ ጨረቃ በቀረበ መጠን እዚያው ምሕዋር ላይ ለመቆየት የሚያስፈልገው ፍጥነት ይጨምራል። ሞተሩ ከጉዞው በተቃራኒ ሲገፋ መንኮራኩሩ ከፍታ ያጣል፤ ሲወርድ ከሚለቀው እምቅ ኢነርጂ ግማሹን የሞተሩ ግፊት ይወስድበታል፣ ግማሹ ወደ ፍጥነት ይለወጣል። የመኪናውን ኢነርጂ የፍሬኑ ሸራ ወደ ሙቀት ቀይሮ ይጨርሰዋል፤ ጨረቃ ዙሪያ ግን ሸራም አየርም የለም።

ኤሌክትሪክ ሞተር ቆጣቢ ነው ሲባል እንሰማለን። በነዳጅ ክብደት ረገድ እውነት ነው። በፍጥነት ለውጥ ረገድ ግን አባካኝ ነው፤ ይህን ሳይረዱ የምሕዋር ማውረድን ስሌት መረዳት አይቻልም።

300 ኪሎግራም የሚመዝን መንኮራኩር ከጨረቃ መሐል በ10,000 ኪሎሜትር ርቀት በክብ ምሕዋር ይዞራል እንበል። ከገጿ 100 ኪሎሜትር ከፍታ ላይ ማድረስ እንፈልጋለን። የመነሻው ፍጥነት በሰከንድ 0.70፣ የመድረሻው 1.63 ኪሎሜትር ነው። የኬሚካል ሮኬት ሁለት ጊዜ ብቻ፣ ያውም በአጭሩ ይተኩሳል፦ አንዴ ከላይ፣ አንዴ ከታች። ድምሩ በሰከንድ ወደ 800 ሜትር የፍጥነት ለውጥ ይሆናል። ደካማው የኤሌክትሪክ ሞተር ግን በአጭር ተኩስ መጨረስ ስለማይችል በየዙሩ፣ በየነጥቡ እየገፋ ይወርዳል፤ ዋጋውም የሁለቱ ክብ ፍጥነቶች ልዩነት ነው፣ ወደ 933 ሜትር። አንድ ስድስተኛ ያህል ብልጫ አለው። ይህን ብልጫ የሚያካክሰው የሚተፋው ጋዝ ፍጥነት ነው። የኬሚካሉ ጋዝ በሰከንድ 3 ኪሎሜትር ገደማ ሲወጣ፣ የኤሌክትሪኩ 16 ኪሎሜትር ይወጣል። ስለዚህ የመጀመሪያው 70 ኪሎግራም ነዳጅ ሲፈጅ ሁለተኛው 17 ይበቃዋል። ልዩነቱ የሚከፈለው በጊዜ ነው፦ አንዱ ከስድስት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይደርሳል፣ ሌላው በ70 ሚሊኒውተን ግፊት 45 ቀን ያህል ይወስዳል። 70 ሚሊኒውተን በምድር ላይ የ7 ግራም ክብደት ነው። ቀኑን ሙሉ ቢገፋ የዚህን መንኮራኩር ፍጥነት የሚለውጠው በሰከንድ 20 ሜትር ያህል ነው።

ይህ ሁሉ በተግባር የታየው በአውሮፓ የህዋ ኤጀንሲ ስማርት-1 ነው። መንኮራኩሩ ከፈረንሳይ ጊያና፣ ከኩሩ ጣቢያ፣ በአሪያን 5 ሮኬት የተወነጨፈው በእኛ ሰዓት መስከረም 17 ቀን 1996 ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ14 ላይ ነበር፤ በጭሮም ሆነ በሂርና ደመራ ተለኩሶ ባደረበት ሌሊት። ክብደቱ 367 ኪሎግራም፣ የያዘው የዜኖን ጋዝ 82 ኪሎግራም ነበር። ሞተሩ የሆል ሞተር የሚባለው ዓይነት ነው፦ መግነጢሳዊ መስክ ኤሌክትሮኖችን አግቶ ያሽከረክራል፣ እነሱ የዜኖን አቶሞችን እየገጩ አዮን ያደርጓቸዋል፣ የኤሌክትሪክ መስኩም አዮኖቹን ወደ ውጭ ይወረውራቸዋል። ኤሌክትሪኩ የሚመጣው ከፀሐይ ሰሌዳ ነው።

አፖሎ በሦስት ቀን ገደማ የሄደበትን መንገድ ስማርት-1 በ13 ወር ከመንፈቅ ጨረሰው። በዚህ ብዙዎች ያላግጣሉ፤ እኔ ግን የዘዴው ብልሃት ያለው እዚያ ላይ ይመስለኛል። እንዲህ ያለ ደካማ ሞተር በፍጥነት እየበረረ ጨረቃ ጋ ቢደርስ ቆሞ ሊቀር አይችልም፣ አልፏት ይሄዳል። ስለዚህ ምሕዋሩን ከምድር እያሰፋ፣ በመንገዱ የጨረቃን ስበትም እየተጠቀመ፣ አንጻራዊ ፍጥነቱ አነስተኛ ሆኖ እንዲደርስ ተደረገ። ኅዳር 6 ቀን 1997 ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጨረቃ ሲቀርብ ከገጿ 5,000 ኪሎሜትር ገደማ ይርቅ ነበር፤ አንድ ዙር ለመጨረስም 129 ሰዓት ይፈጅበት ነበር። ሞተሩ ለአራት ቀናት ያህል ሳያቋርጥ ከሠራ በኋላ በአጫጭር ምዕራፍ ወደ መግፋት ተሸጋገረ። በ1997 የካቲት ገደማ ሳይንሳዊ ሥራ የጀመረበት ሞላላ ምሕዋር በደቡብ ዋልታ በኩል ጥቂት መቶ፣ በሰሜን በኩል ወደ 3,000 ኪሎሜትር ከፍታ ነበረው፤ አንዱ ዙርም 5 ሰዓት ያህል ሆነ።

በሞላላ ምሕዋር ላይ የሚገፋበትን ቦታ መምረጥ ዋጋ አለው። ለጨረቃ ቅርብ በሆነው ነጥብ አካባቢ ከጉዞው በተቃራኒ መግፋት የሩቁን ነጥብ ዝቅ ያደርጋል፤ በሩቁ አካባቢ መግፋት ደግሞ የቅርቡን። ሞተሩን ለተመረጠው ቅስት ብቻ መክፈት ነዳጅ ይቆጥባል፣ ቀን ግን ይጨምራል።

ምድር ደግሞ ከጎን ትስባለች። የምድር ስበት የስማርት-1ን የቅርብ ነጥብ ቀስ በቀስ ወደ ጨረቃ ያወርደው ስለነበር፣ በ1997 መጨረሻና በ1998 መጀመሪያ የቀረው ዜኖን ምሕዋሩን መልሶ ከፍ ለማድረግ ዋለ፤ ዕድሜውም አንድ ዓመት ያህል ተራዘመ። ከዚያ በኋላ የመጨረሻውን ቁልቁለት የወሰደችው ምድር ናት። መሐንዲሶቹ አቅጣጫ ማስተካከያ በሆኑት ትናንሽ ሮኬቶች የሚወድቅበትን ቦታ ለእኛ ወደሚታየው የጨረቃ ፊት አዛወሩት። ነሐሴ 28 ቀን 1998 ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ42 ላይ በሰከንድ 2 ኪሎሜትር ፍጥነት ከጨረቃ ተላተመ። ብልጭታውን ሃዋይ ያለው የካናዳ፣ ፈረንሳይና ሃዋይ ቴሌስኮፕ ቀረጸው፤ በምዕራብ ሐረርጌ ጨረቃ በዚያ ሰዓት ከአድማስ በታች ነበረች።

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ከቻይና የተወነጨፈችው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ኢቲአርኤስኤስ-1 ምድርን እንጂ ጨረቃን አትዞርም። የምትመራበት ሕግ ግን ያው ነው፤ ስስ የሆነው የላይኛው ከባቢ አየር ነዳጅ ሳያስፈልገው ፍሬን ይሆናታል፣ እየወረደችም ትፈጥናለች። ጨረቃ ዙሪያ ይህን ሥራ በነጻ የሚሠራ አየር የለም።

ጭሮ በሚገኘው ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲም ሆነ ሌላ ቦታ ሜካኒክስ የሚያስተምር መምህር ይህን ለማሳየት ቤተ ሙከራ አያስፈልገውም። ከላይ ያለው የ933 ሜትር ስሌት በሰሌዳ ላይ በጥቂት መስመር ያልቃል። ቀጥሎ በተራ ኮምፒውተር ምሕዋሩን ሞላላ ማድረግ፣ የምድርን ስበት ማስገባት፣ ውጤቱንም ከስማርት-1 የ129 ሰዓትና የ5 ሰዓት ዙሮች ጋር ማስተያየት ይቻላል።