የወሊድ መከላከያ እንክብልና የደም መርጋት፦ የአንድ ሚዛን ታሪክ

ማንኛውም መድኃኒት ከመሰጠቱ በፊት ጥቅሙና ጉዳቱ መመዘን እንዳለበት በሕክምና ሙያ ለተሰማሩ ሁሉ የታወቀ ነው። መድኃኒቱ ለበሽተኛ ሳይሆን ለጤነኛ ሰው፣ ያውም ለብዙ ዓመታት በየቀኑ የሚሰጥ በሚሆንበት ጊዜ ግን አመዛዘኑ ይበልጥ ጥንቃቄን ይጠይቃል። የወሊድ መከላከያ እንክብል ታሪክ ይህን ሚዛን ለማግኘት የተደረገ ረጅም ጥረት ታሪክ ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1956 ግሪጎሪ ፒንከስና ጆን ሮክ የተባሉት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ኢኖቪድ የተባለውን እንክብል በፖርቶ ሪኮ፣ በሪዮ ፒየድራስ በሚኖሩ ሴቶች ላይ መሞከር ጀመሩ። እንክብሉ እርግዝናን እንደሚከላከል ለሴቶቹ ተነግሯቸዋል፤ ገና በሙከራ ላይ መሆኑ ግን በግልጽ አልተገለጸላቸውም። ሥራውን በስፍራው ይመሩ የነበሩት ሐኪም ዶክተር ኤድሪስ ራይስ ሬይ ከተጠቃሚዎቹ 17 በመቶው ማቅለሽለሽ፣ ማዞር፣ ራስ ምታትና ትውከት እንደ ደረሰባቸው ገልጸው፣ መድኃኒቱ ለብዙኃን እንዳይሰጥ የሚያግድ የጎን ጉዳት እንዳለው አስታወቁ። ፒንከስ ግን ከቅሬታው አብዛኛው ከሥነ ልቦና የመነጨ ነው ብሎ ገመተ። የዚያን ጊዜው እንክብል 10 ሚሊግራም ያህል ፕሮጀስቲንና 150 ማይክሮግራም ያህል ኤስትሮጅን ነበረው። በ1960 የአሜሪካ መንግሥት ለወሊድ መከላከያነት እንዲያገለግል ፈቀደ።

በ1961 ጆርዳን የተባሉ እንግሊዛዊ ሐኪም፣ ይህንኑ መድኃኒት ለማሕፀን ሕመም ስትወስድ የነበረች አንዲት ነርስ በሳንባዋ ውስጥ ደም እንደ ረጋባት ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አሳተሙ። የአንድ ሰው ሕመም ብቻውን ማስረጃ ሊሆን አይችልም፤ እንክብሉን ቀምሰው የማያውቁ ሴቶችም ደም ይረጋባቸዋልና። ስለዚህ ደም የረጋባቸውን ሴቶች ካልረጋባቸው ጋር ማነጻጸር አስፈላጊ ሆነ። በ1968 ኢንማን፣ ቬሴይና ዶል በብሪታንያ ያሳተሟቸው ጥናቶች በእንክብሉና በደም መርጋት መካከል ግንኙነት መኖሩን በማያሻማ ሁኔታ አሳዩ። ከዚያም ከብሪታንያ፣ ከስዊድንና ከዴንማርክ የተሰበሰቡ ሪፖርቶች አደጋው ከኤስትሮጅኑ መጠን ጋር አብሮ እንደሚጨምር ስላመለከቱ፣ የብሪታንያ የመድኃኒት ደህንነት ኮሚቴ በታኅሣሥ 1969 ሐኪሞች ከ50 ማይክሮግራም ያልበለጠ ኤስትሮጅን ያለውን እንክብል እንዲያዙ መከረ። በዚህም መድኃኒቱን መከልከል ሳያስፈልግ ጉዳቱን መቀነስ እንደሚቻል ታየ።

ይሁን እንጂ ሐኪሙ ያወቀውን ተጠቃሚዋ ታውቀው ነበርን? በ1970 ሴናተር ጌይሎርድ ኔልሰን በዋሽንግተን በመሩት የምክር ቤት ምርመራ ላይ ሊቃውንት እየተጠሩ ሲመሰክሩ፣ እንክብሉን ከሚወስዱት ሴቶች አንዲት እንኳ ለምስክርነት አልተጠራችም። በአዳራሹ የነበሩ ሴቶች ተነሥተው ተቃውሟቸውን አሰሙ። በዚያው ዓመት ከእንክብሉ ጋር ስለ አደጋው የሚገልጽ ጽሑፍ ለተጠቃሚዋ እንዲሰጥ ታዘዘ።

ማስጠንቀቂያም ቢሆን ያለ ሚዛን ከተነገረ ይጎዳል። በጥቅምት 1995 የብሪታንያ ባለሥልጣኖች፣ አዳዲስ ፕሮጀስቲኖች ያሏቸው እንክብሎች የደም መርጋትን አደጋ በእጥፍ ያህል ይጨምራሉ ሲሉ አስታወቁ። እጥፍ የተባለው በጊዜው ግምት በዓመት ከ100,000 ሴቶች ከ15 ወደ 30 ማደግ ሲሆን፣ በእርግዝና ጊዜ የሚደርሰው 60 ነበር። ሕዝቡ የሰማው ግን «እጥፍ» የሚለውን ቃል ብቻ ነው። ብዙ ሴቶች እንክብሉን በድንገት አቋረጡ፤ በ1996 በእንግሊዝና በዌልስ የተፈጸመው የፅንስ ማቋረጥ ከቀድሞው ዓመት ከ13,000 በላይ ጨመረ።

የአውሮፓ መድኃኒት ኤጀንሲ በ2013 ባወጣው ግምገማ መሠረት፣ እንክብል ከማይወስዱ 10,000 ሴቶች በዓመት 2 ያህሉ፣ ሌቮኖርጀስትሬል ያለበትን ከሚወስዱት ከ5 እስከ 7፣ ድሮስፒረኖን ያለበትን ከሚወስዱት ከ9 እስከ 12 የሚሆኑት ደም ይረጋባቸዋል። የጡት ካንሰር አደጋ እንክብሉ በሚወሰድበት ጊዜ በጥቂቱ ከፍ ይላል፤ የእንቁልጢ ካንሰር አደጋ ግን ይቀንሳል፤ ጥበቃውም እንክብሉ ከቆመ በኋላ ለብዙ ዓመታት ይቆያል። ዕድሜዋ ከ35 ዓመት በላይ ሆኖ ሲጋራ የምታጨስ፣ ደም ረግቶባት የሚያውቅ ወይም ከፍተኛ የደም ግፊት ያለባት ሴት ኤስትሮጅን የሌለበት ዘዴ እንድትመርጥ ይመከራል።

እነዚህ ቁጥሮች በየአገሩ ከእርግዝና አደጋ ጋር ተነጻጽረው መታየት ይኖርባቸዋል። በኢትዮጵያ በ2016 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በ100,000 ሕይወት ያላቸው ልደቶች 412 እናቶች እንደሚሞቱ ተገምቷል። ይህ ማለት ግን የመድኃኒቱ ጉዳት ሊሸሸግ ይገባል ማለት አይደለም። የፖርቶ ሪኮ ሴቶች ሳይነገራቸው፣ የብሪታንያ ሴቶች ደግሞ ያለ ሚዛን ተነግሯቸው ተጎድተዋል። የደም ግፊቷን ለክቶ፣ ያለፈ ሕመሟን ጠይቆ፣ ሁለቱንም ቁጥሮች በሚገባት ቋንቋ የሚያስረዳት ባለሙያ ያገኘች ሴት ግን ሚዛኑን በገዛ እጇ ልትይዝ ትችላለች።